ልምድ ያለው የጥገና ባለሙያ የመንግሥት ኢንስፔክተርነት መታወቂያ እስኪሰጠው ድረስ ምን ዓይነት ሥልጠና ያልፋል?

ጥያቄ
ከ«የከዚራው»፣ ድሬዳዋ

ጤና ይስጥልኝ። በአውሮፕላን ጥገና ሙያ ከአሥር ዓመት በላይ የሠራሁ፣ ላይሰንስና የአውሮፕላን ዓይነት ፈቃድ ያለኝ ባለሙያ ነኝ። የምሠራው እዚሁ ድሬዳዋ፣ በአባ ጤና ደጃዝማች ይልማ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሆን፣ የዕለት ተግባሬም ከአዲስ አበባ የሚመጡትን ኪው 400 አውሮፕላኖች ተቀብሎ መፈተሽ፣ በቴክኒካል ሎጉ (የአውሮፕላኑ የብልሽትና የጥገና መዝገብ) ላይ የሰፈረውን ብልሽት ማስተካከል ወይም በደንቡ መሠረት ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ፣ በመጨረሻም አውሮፕላኑ ለበረራ ብቁ መሆኑን በፊርማዬ ማረጋገጥ ነው።

አሁን ለመንግሥት የአየር ብቁነት ኢንስፔክተርነት፣ ማለትም አውሮፕላኖች ለበረራ ብቁ መሆናቸውን ለመቆጣጠር ሥራ፣ ለመወዳደር እያሰብኩ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ሥልጠናው የጠየቅኳቸው ሰዎች የሚሰጡኝ መልስ እርስ በርሱ የሚጋጭ ሆኖብኛል። አንዱ ባልደረባዬ «አጭር ኮርስ ነው፤ ፈተናውን ካለፍክ መታወቂያህን ተቀብለህ ሥራ ትጀምራለህ» ሲለኝ፣ ሌላው ደግሞ «መታወቂያው እስኪመጣ ድረስ ከነባር ኢንስፔክተር ኋላ ኋላ እየሄድክ ታያለህ እንጂ አንዲት ቅጽ እንኳ ብቻህን አትፈርምም» ብሎኛል።

እውነቱን ለመናገር ሁለተኛው መልስ ቅር አሰኝቶኛል። ዛሬ ሰባ ያህል መንገደኛ የሚሳፈርበትን አውሮፕላን በራሴ ፊርማ የምለቅ ሰው፣ ነገ ያንኑ አውሮፕላን ለማየት ሞግዚት የሚያስፈልገኝ በምን ምክንያት ነው? አውሮፕላኑ አልተለወጠ፣ እኔም አልተለወጥኩ። ስለዚህ መታወቂያው ከመሰጠቱ በፊት በትክክል የሚጠየቀው ሥልጠና ምን እንደሆነ፣ ይህንንም የሚያስገድደው ዓለም አቀፍ ደንብ ይሁን የየአገሩ አሠራር፣ እንዲሁም ከዚህ በፊት የወሰድኳቸው ኮርሶች ይታሰቡልኝ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ቢያብራራልኝ አመሰግናለሁ።


መልስ
ከ«ጡረተኛው ኢንስፔክተር»፣ ሳቢያን

ወንድሜ፣ በአየር ብቁነት ቁጥጥር ሥራ ላይ ለብዙ ዓመታት ቆይቼ አሁን ድሬዳዋ በጡረታ የምኖር ሰው ነኝ። እኛ ድሬዎች አንቱ መባባል ብዙም ስለማይሆንልን «አንተ» እያልኩ ብቀጥል አትቀየመኝ።

ሁለቱ ባልደረቦችህ የአንድን ነገር ሁለት ጫፍ ይዘው ነው የነገሩህ። ኮርሱ አለ፤ ኮርሱን መጨረስ ብቻውን ግን መታወቂያ አያሰጥም። ከነባር ኢንስፔክተር ጋር መሄዱም አለ፤ ነገር ግን ዝም ብሎ ኋላ ኋላ መሄድ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ተግባር በስሙ እየተጠቀሰ የሚፈረምበት ሥልጠና ነው።

መሠረቱ ከዓለም አቀፍ ሕግ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1944 በተፈረመው የቺካጎ ስምምነት መሠረት የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ማለትም ኢካኦ፣ አንድ መንግሥት የአቪዬሽን ደህንነትን ለመቆጣጠር ሊኖሩት የሚገቡ ስምንት ወሳኝ ነገሮችን ዘርዝሮ አስቀምጧል። ዛሬ የሚገኙት የደህንነት አስተዳደርን በሚመለከተው በአኔክስ 19 (የስምምነቱ አባሪ) ውስጥ ነው። ሕግ፣ ዝርዝር ደንብ፣ የተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አደረጃጀት፣ ብቁ ባለሙያ፣ የአሠራር መመሪያና መሣሪያ፣ ፈቃድ አሰጣጥ፣ ቀጣይ ክትትል፣ የታየውን ችግር መፍታት ናቸው። አንተን የሚመለከትህ አራተኛው ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት መንግሥት ለኢንስፔክተሮቹ ዝቅተኛ የብቃት መመዘኛ ማውጣት፣ የመጀመሪያና በየጊዜው የሚታደስ ሥልጠና መስጠትና የእያንዳንዳቸውን የሥልጠና መዝገብ መያዝ አለበት። አኔክሱ የሥልጠናውን ሳምንታት ቆጥሮ አያስቀምጥም፤ ዝርዝሩን ለየአገሩ ይተዋል። ባልደረቦችህ የተለያየ ነገር የነገሩህ አንድም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ አንዱ የሰማው ስለ አንዱ አገር፣ ሌላው ስለ ሌላው ሊሆን ይችላል።

የሥልጠና መዝገቡን እንደ ተራ የቢሮ ወረቀት አትየው። ኢካኦ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የአገሮችን የቁጥጥር አቅም ኦዲት ያደርጋል። ኦዲተሮቹ ሲመጡ «ኢንስፔክተሮቻችሁ ጎበዞች ናቸው?» ብለው አይጠይቁም። የአንዱን ኢንስፔክተር ፋይል ያስወጡና ይህን የጥገና ድርጅት ኦዲት ባደረገበት ቀን ለዚያ ተግባር ሠልጥኖ ነበር ወይ፣ ማን አሠለጠነው፣ ማንስ ፈረመለት ብለው ቀን ከቀን ያመሳክራሉ። ፋይሉ ባዶ ከሆነ ሰውየው የቱንም ያህል አዋቂ ቢሆን አገሪቱ ትጠየቅበታለች።

ወደ ሥልጠናው ይዘት ልግባ። መጀመሪያ መግቢያው ይሰጣል፦ የሲቪል አቪዬሽን አዋጁ፣ በሥሩ የወጡት ደንቦችና መመሪያዎች፣ የመሥሪያ ቤቱ አሠራር፣ የሥነ ምግባር ግዴታ። ጥገና ላይ ስንሠራ ደንቡን የምናውቀው በድርጅታችን ማኑዋል በኩል ነው፤ እዚህ ግን ማኑዋሉን ራሱን የምታጸድቅ አንተ ስለምትሆን ከማኑዋሉ በላይ ያለውን ማወቅ ግድ ይልሃል። ቀጥሎ በየዘርፉ ለመንግሥት ኢንስፔክተሮች የተዘጋጀው መሠረታዊ ኮርስ ይመጣል። ለበረራ ኦፕሬሽን፣ ለአየር ብቁነትና ለባለሙያዎች ላይሰንስ አሰጣጥ ለየብቻው ነው። እዚያ ከምትማራቸው ዋናው አንድ አየር መንገድ የሥራ ፈቃድ ሲጠይቅ የሚያልፍባቸው አምስት ምዕራፎች ናቸው፦ ቅድመ ማመልከቻ፣ መደበኛ ማመልከቻ፣ የሰነድ ምርመራ፣ በተግባር ማሳየትና ምርመራ፣ ከዚያም ፈቃድ መስጠት። በዚህ ላይ የኦዲት ዘዴ፣ የደህንነት አስተዳደር ሥርዓት፣ የሰው ልጅ ባሕርይ በሥራ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖና የመሳሰለው ይጨመራል። ይህ ሁሉ ክፍል ውስጥ የሚያልቅ ስለሆነ ብዙ አላረዝመውም።

ክብደቱ ያለው የሥራ ላይ ሥልጠናው ላይ ነው። አሜሪካኖቹ ይህን በግልጽ ያስቀመጡ ስለሆነ እነሱን ለአብነት ልጥቀስ። የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደራቸው አዲሱን ኢንስፔክተር ኦክላሆማ ሲቲ ባለው አካዳሚው ካስተማረ በኋላ፣ የሥራ ላይ ሥልጠናውን በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል። በመጀመሪያው ስለ ተግባሩ ያነባል፤ በሁለተኛው ነባሩ ሲሠራ እያየ ይረዳል፤ በሦስተኛው ራሱ ይሠራል፣ ነባሩ ያየዋል። ሦስተኛው ደረጃ ካልተፈረመ ያን ተግባር ብቻውን አይሠራም። ልብ በል፤ የሚፈረመው ለሰውየው ሳይሆን ለተግባሩ ነው። በመቆሚያ ላይ፣ ማለትም አውሮፕላኑ በቆመበት ሜዳ፣ ለሚደረግ ምርመራ የተፈረመለት ሰው የጥገና ድርጅት ኦዲት ማድረግ ይችላል ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ቅሬታህ ልምጣ፤ «አውሮፕላኑ አልተለወጠ፣ እኔም አልተለወጥኩ» ብለሃል። የተለወጠው አውሮፕላኑን የምታይበት ዓይን ነው። አንተ በየቀኑ በምታውቀው ነገር ላሳይህ።

ሰኞ ጠዋት አንድ ብልሽት ተገኘ እንበል። በአነስተኛ የመሣሪያ ዝርዝሩ፣ ማለትም የትኛው መሣሪያ ተበላሽቶ ለስንት ጊዜ መብረር እንደሚቻል በሚወስነው ሰነድ፣ መሠረት ምድብ ቢ ስለሆነ፣ የተመዘገበበት ቀን ሳይቆጠር በ3 ተከታታይ ቀናት ውስጥ መጠገን አለበት፤ ስለዚህ ጊዜው ሐሙስ ያበቃል። አንተ እንደ ጥገና ባለሙያ የምታስበው ዕቃው ከአዲስ አበባ መቼ እንደሚመጣና በየትኛው የመሬት ቆይታ ልትገጥመው እንደምትችል ነው። ትክክል ነህ፤ ሥራህ ነው። ኢንስፔክተሩ ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል። ብልሽቱን ያስተላለፈው ሰው ለዚያ ሥልጣን ነበረው? የተጠየቀው የጥገና እርምጃ ተሠርቶ ተፈርሟል? ማብሪያው ላይ «አይሠራም» የሚለው መለያ ተለጥፏል? ለአብራሪዎቹ የተቀመጠ ተጨማሪ አሠራር ካለ ያውቁታል?

እዚህ ድረስ አንተም በአንድ ቀን ልትለምደው ትችላለህ። ቀጥሎ ያለው ግን ዝም ብሎ አይታይም። ሐሙስ ማታ ያ መዝገብ «ተፈትሾ ደህና ሆኖ ተገኘ» ተብሎ ይዘጋል፤ ዓርብ ጠዋት ያው ብልሽት እንደ አዲስ ይከፈትና ሌላ 3 ቀን ይሰጠዋል። እያንዳንዱን መስመር ለየብቻው ብታየው ስህተት የለበትም፤ ፊርማው አለ፣ ቀኑ አለ፣ የማኑዋሉ ቁጥር አለ። የወራቱን መዝገብ ጎን ለጎን ዘርግተህ ስታነብ ነው ጊዜው እየታደሰ መሆኑ የሚገባህ። ያን ጊዜ ጥያቄው ከብልሽቱ አልፎ ወደ ዕቃ አቅርቦቱ፣ ወደ ጥገና ቁጥጥር ክፍሉ፣ አንዳንዴም በመካኒኩ ላይ ወደሚደርሰው ጫና ይሄዳል። ይህን አነባበብ ከመጽሐፍ የተማረ ሰው አላጋጠመኝም። ሁሉም ያገኙት ከነባር ሰው አጠገብ ተቀምጠው፣ የደረቀ መዝገብ እያገላበጡ ነው።

ሌላው እጅን መሰብሰብ ነው። ከጥገና የመጣ ሠልጣኝ ሁሉ የላላ ብሎን ሲያይ እጁ ወደ መፍቻ ይሄዳል። ኢንስፔክተር አያጠብቅም፣ ፓነል አይከፍትም፣ «እንዲህ አድርገህ ሥራው» ብሎም አያዝዝም። ያየውን ለሚመለከተው ሰው ያሳያል፣ ይመዘግባል፣ ድርጅቱ በራሱ አሠራር ሲያስተካክል ይከታተላል። አንተ ካዘዝክ ጥገናው ያንተ ሆነ፤ ያንተን ጥገና ማን ሊመረምር ነው? ለልምድ አዋቂ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ያውም ልምዱ በበዛ ቁጥር ይብስበታል።

የጽሑፉም ነገር አለ። «ጎማው አርጅቷል» የሚል ግኝት ግኝት አይደለም። የትኛው ጎማ፣ ምን ታየበት፣ በአምራቹ መመሪያ ላይ ያለው ወሰን ምንድን ነው፣ የተጣሰው የደንብ አንቀጽ የትኛው ነው የሚለው በአንድ አንቀጽ ተጽፎ፣ ያላየው ሰው አንብቦ እንዲረዳው ሆኖ መውጣት አለበት። ሠልጣኞች ብዙ ጊዜ ሪፖርታቸው ተመልሶ የሚመጣባቸው በዚህ ነው።


መልስ
ከ«የሕግ ባለሙያ»፣ ሐረር

ለጠያቂው ወንድሜና ለተከበሩት ጋሼ ሰላምታዬ ይድረስ። ሙያዬ የአስተዳደር ሕግ ነው፤ ስለ አውሮፕላን የማውቀው ሐረር አውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት ለመሳፈር ሁልጊዜ ድሬዳዋ መውረድ እንዳለብኝ ነው። መታወቂያው በሕግ ዓይን ምን እንደሆነ ግን ልጨምር እችላለሁ።

ኢንስፔክተሩ በግሉ ምንም ሥልጣን የለውም። ሥልጣኑ በሕግ የተሰጠው ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ መሥሪያ ቤቱ ያንን ሥልጣን በተወሰነ መጠን ለሰው ያስተላልፋል። መታወቂያው የዚያ ውክልና ማስረጃ ነው። በመሆኑም ሁልጊዜ ወሰን አለው፤ በየትኛው ዘርፍ፣ ለምን ተግባር፣ እስከ መቼ የሚለው ከመታወቂያው ወይም ከተያያዘው የውክልና ደብዳቤ መታወቅ ይኖርበታል።

የአሜሪካው ደንብ ይህን በጥሩ ሁኔታ ያሳያል። የአየር መንገዶችን በሚመለከተው የደንባቸው ክፍል 121 ውስጥ፣ በምርመራ ሥራ ላይ ያለ ኢንስፔክተር ቅጽ 110ኤ የተባለውን መታወቂያ ለዋናው አብራሪ ሲያሳይ፣ ወደ አብራሪዎች ክፍል ያለ ምንም መሰናክል የመግባት መብት ሊሰጠው እንደሚገባ ተደንግጓል። ደንቡ የቅጹን ቁጥር ሳይቀር ይጠራል። የአብራሪው ግዴታ የሚጀምረው መታወቂያው ሲታይ ነው ማለት ነው። መታወቂያ የሌለው ሠልጣኝ፣ ለሙያው የቱንም ያህል ቅርብ ቢሆን፣ በዚያ አንቀጽ የሚገባበት በር የለውም። የአብራሪዎችን ክፍል ለማንም ሰው ማስከፈት ቀላል ጉዳይ ስላልሆነ፣ መታወቂያውን ከሥልጠና በፊት መስጠት ለምን አደገኛ እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በቺካጎ ስምምነት አንቀጽ 16 መሠረት ደግሞ የአንድ አገር ባለሥልጣናት የሌላውን አገር አውሮፕላን ሲያርፍ ወይም ሲነሣ የመፈተሽና በስምምነቱ የታዘዙትን ሰነዶች የመመርመር መብት አላቸው፤ ነገር ግን «ያለ አግባብ ሳያዘገዩ» ነው። አንድ የውጭ አውሮፕላን ድሬዳዋ ላይ አርፎ ምርመራ ቢደረግበት፣ የዘገየው በበቂ ምክንያት መሆኑን የሚያስረዳው ኢንስፔክተሩ ነው። በአንቀጽ 29 የተዘረዘሩትን ሰነዶች፣ ማለትም የምዝገባና የአየር ብቁነት የምስክር ወረቀቶችን፣ የሠራተኞቹን ላይሰንስ፣ የጉዞ መዝገቡንና ሌሎቹን፣ የቱን ከየት እንደሚያገኝ አስቀድሞ የማያውቅ ሰው መንገደኛ በፀሐይ አስቁሞ ወረቀት ሲያገላብጥ ይውላል።

ወደ አገራችን ሕግ ስንመጣ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 አለ። የፌዴራል አስተዳደር ተቋም የአንድን ሰው መብት የሚነካ ውሳኔ ሲሰጥ ባለጉዳዩን መስማት፣ ውሳኔውን በጽሑፍ ማድረግና ምክንያቱን መግለጽ ይጠበቅበታል፤ ውሳኔውም በፍርድ ቤት ሊከለስ ይችላል። ፈቃዱ የታገደበት ድርጅት ጠበቃ ይዞ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ አይደለም። ግኝቱን የመዘገበው ሰው በዚያ ቀን ሥልጣን ነበረው ወይ ብሎ ነው የሚጀምረው። ጋሼ የጠቀሱት የሥልጠና ፋይል ለኢካኦ ኦዲተሮች ብቻ የማይጠቅመውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ የጥቅም ግጭት። አኔክስ 19 ራሱ መንግሥት ለኢንስፔክተሮቹ ስለ ሥነ ምግባር፣ ስለ ግል ጠባይና እውነተኛ ወይም በሌላ ሰው ዓይን ሊታይ የሚችል የጥቅም ግጭትን ስለማስወገድ መመሪያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። «በሌላ ሰው ዓይን ሊታይ የሚችል» የሚለው ሊጤን ይገባል። ጠያቂው ትናንት ሻይ አብሮ ይጠጣ የነበረውን ባልደረባውን ነገ ሊመረምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ምክር ቤት አንድ ትልቅ ጉዳይ ታይቶ ነበር። አንድ አየር መንገድ 46 አውሮፕላኖቹን የታዘዘው የአካል ስንጥቅ ምርመራ ሳይደረግላቸው ማብረሩ ሲታወቅ፣ ጉዳዩን በቸልታ ያለፈው የኢንስፔክተሮች አለቃ በአየር መንገዱ ከሚሠራ የቀድሞ ኢንስፔክተር ጋር ቅርበት እንደነበረው ተገልጿል። ኋላ በወጣው ደንብ የቀድሞ ኢንስፔክተር ሲቆጣጠረው የነበረውን አየር መንገድ ወክሎ በመሥሪያ ቤቱ ፊት ለመቅረብ 2 ዓመት መቆየት አለበት። የሥነ ምግባሩ ትምህርት ከሥልጠናው መጀመሪያ ላይ መቀመጡ ለወግ እንዳልሆነ ለማሳየት ያህል ነው።


መልስ
ከ«እሳት አደጋ ድሬ»

የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ኢንስፔክተር ሲባል ሁሉም ሰው ስለ አብራሪና ስለ መካኒክ ብቻ ያወራል። የአውሮፕላን ማረፊያ ኢንስፔክተር፣ የአየር ትራፊክ አገልግሎት ኢንስፔክተር፣ የአደገኛ ዕቃዎች ኢንስፔክተርም አሉ፤ የእያንዳንዱ ሥልጠናና መታወቂያ የየራሱ ነው። እኔ በአውሮፕላን ማረፊያ የእሳትና የነፍስ አድን ሥራ ላይ ስለነበርኩ ከመርማሪዎቹ ማዶ ሆኜ አይቻቸዋለሁ።

የሠለጠነውን ካልሠለጠነው የምለየው በሚጠይቀው ጥያቄ ነበር። ያልሠለጠነው መኪናችንን ዞሮ ያይና «ንጹሕ ነው፣ ጥሩ ነው» ብሎ ይሄዳል። የሠለጠነው መጀመሪያ የሚጠይቀው እዚህ የሚያርፈው ትልቁ አውሮፕላን የትኛው እንደሆነና በሦስት ወር ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ነው። ምክንያቱም አውሮፕላን ማረፊያዎችን በሚመለከተው በአኔክስ 14 መሠረት የእሳት መከላከያ ምድቡ የሚወሰነው በአውሮፕላኑ ርዝመትና በአካሉ ስፋት ነው። ኪው 400 ርዝመቱ 32.8 ሜትር ስለሆነ ከ28 ሜትር ጀምሮ 39 ሜትር ባልሞላው ምድብ 6 ውስጥ ይገባል። ቦይንግ 737-800 ግን 39.5 ሜትር ነው፤ በግማሽ ሜትር ብቻ ወደ ምድብ 7 ይዘላል፤ የሚፈለገው የውኃና የአረፋ መጠንም አብሮ ይጨምራል። ከዚያ ደግሞ፣ በሥራ በተጨናነቁት ሦስት ተከታታይ ወራት የትልቆቹ አውሮፕላኖች ማረፍና መነሣት ከ700 በታች ከሆነ አንድ ምድብ ዝቅ ብሎ መገኘት ይፈቀዳል። ይህን ቁጥር ከመዝገብ አውጥቶ ያላመሳከረ ኢንስፔክተር መኪናው በቂ ነው ወይም አይበቃም ለማለት መነሻ የለውም።

ቀጥሎ ሰዓቱን ይይዛል። ደንቡ ወደ ማኮብኮቢያው የትኛውም ቦታ ከ3 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ እንድንደርስ ያዛል። አንድ ጊዜ ሠልጣኝ ይዞ የመጣ ነባር ኢንስፔክተር ሰዓቱን ለሠልጣኙ ሰጥቶት፣ ልጁ መቁጠር የጀመረው መኪናው ከጋራዡ ሲወጣ ነበር። ነባሩ ምንም አልተናገረም፤ ልምምዱ ካለቀ በኋላ ብቻ «ጥሪው የደረሰው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀውና እንደገና አስኬደን። እኛ በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብሳችንን ለብሰን እንደገና በመሮጣችን ደስ አላለንም፤ ልጁ ግን ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም።

የሙቀት ነገር ከተነሣ፣ ለበረራ ኦፕሬሽን ኢንስፔክተሮችም ድሬዳዋ ጥሩ ትምህርት ቤት ናት። ከባሕር ጠለል ከ1,100 ሜትር በላይ ላይ ሆና እኩለ ቀን ላይ ስትግል አየሩ ይሳሳል፣ መነሻ ርቀቱ ይረዝማል፤ አብራሪዎቹ የክብደት ስሌታቸውን በዕለቱ ሙቀት መሥራታቸውን የማያይ መርማሪ ዋናውን ነገር ዘለለው ማለት ነው።


የጠያቂው ተጨማሪ ጥያቄ
ከ«የከዚራው»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የመዝገቡ ምሳሌ በደንብ ገብቶኛል፤ የሚያውቀውን ሰው ሲናገር ያስታውቃል። ሁለት ነገር ብቻ ቀርቶኛል። የሰው ልጅ ባሕርይና የደህንነት አስተዳደር ኮርሶችን በተቀጠርኩበት ድርጅት ወስጃለሁ፤ እንደገና መማር አለብኝ? ሁለተኛው፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደመወዙ አሁን ከማገኘው ያነሰ ይሆን የሚል ስጋት አለኝ፤ ይህንንስ ዓለም አቀፉ ድርጅት የሚለው ነገር አለ?


መልስ
ከ«ጡረተኛው ኢንስፔክተር»

የቀድሞ ኮርስ ሊታሰብልህ ይችላል፤ ግን በስሙ ሳይሆን በይዘቱ ነው። የምስክር ወረቀቱን ብቻ ይዘህ አትሂድ፤ የኮርሱን ዝርዝር ይዘት፣ የሰጠውን ተቋምና ቀኑን የሚያሳይ ሰነድ አያይዝ። የሰው ልጅ ባሕርይ ኮርስህ ብዙውን ጊዜ ያስኬዳል። የደህንነት አስተዳደሩ ላይ ግን ጥያቄ ሊነሣ ይችላል፤ አንተ የተማርከው ሥርዓቱን በድርጅት ውስጥ ሆኖ መተግበርን ነው፣ ኢንስፔክተር የሚማረው ደግሞ የሌላውን ሥርዓት መመዘንን ነው። የሥራ ላይ ሥልጠናውን ግን በልምድ አሳልፉልኝ ብለህ አትጠይቅ። አሠልጣኝህ ዝግጁ መሆንህን ካየ ፈጥኖ ይፈርምልሃል፤ ከጥገና የመጡ ልጆች የመቆሚያ ምርመራውን ቶሎ ሲጨርሱ፣ የድርጅት ኦዲቱና የማኑዋል ማጽደቁ ላይ ረዘም ሲሉ አይቻለሁ።

የዓይነት ፈቃድህ እንዳይቀዘቅዝም ተጠንቀቅ። መሥሪያ ቤቱ ከገባህ በኋላ አውሮፕላን የምትነካበት ቀን ስለማይኖር፣ በየጊዜው የሚታደሰው ሥልጠና ውስጥ የቴክኒክ ኮርስ እንዲካተትልህ ገና ከመነሻው ጠይቅ። መታወቂያ ካገኙ በኋላ በአዲስ አውሮፕላን ዓይነት ላይ ሳይሠለጥኑ የቆዩ ኢንስፔክተሮች፣ ውለው አድረው ከሚመረምሩት መካኒክ ያነሰ ማወቅ ይጀምራሉ፤ ይህን ደግሞ መካኒኩ ወዲያው ያውቅባቸዋል።

ስለ ደመወዙ፣ የኢካኦ መመሪያ የኢንስፔክተሮች የሥራ ሁኔታና ክፍያ ከትምህርታቸው፣ ከዕውቀታቸውና ከልምዳቸው ጋር የሚመጣጠን፣ ከሚቆጣጠሯቸው ድርጅቶች ሠራተኞች ጋርም የሚነጻጸር እንዲሆን ይመክራል። ምክር ነው፤ በየአገሩ የበጀት ሚዛን ላይ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ለአንተ አልነግርህም። ብዙ የአፍሪካ አገሮች አሠልጥነው መታወቂያ የሰጡትን ሰው በማግሥቱ አየር መንገድ ሲወስድባቸው ኖረዋል። የአፍሪካ ሲቪል አቪዬሽን ኮሚሽን ኢንስፔክተሮችን ከአንዱ አገር ወደ ሌላው እያዋሰ የሚያሠራበት የትብብር መርሐ ግብር ያቋቋመው፣ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮችም ኢንቴቤ ላይ የጋራ የደህንነት ቁጥጥር ኤጀንሲ የከፈቱት አንዱ ምክንያት ይኸው የሰው እጥረት ነው።

ስለዚህ ለቃለ መጠይቁ ስትሄድ ከደመወዙ ጋር ስለ ሥልጠናው ዕቅድ ጠይቅ፦ አሠልጣኝህ ማን እንደሆነ፣ የተግባራቱ ዝርዝር በጽሑፍ መኖሩን፣ በመጀመሪያው ዓመት የትኞቹ እንዲፈረሙልህ እንደታቀደ። ካሠራህ ድርጅት የልምድ ማስረጃ ስታወጣ ደግሞ «በጥገና ላይ ሠርቷል» የሚል ደብዳቤ ብቻ አትቀበል፤ በየትኛው አውሮፕላን ዓይነት፣ በምን የፊርማ ሥልጣን፣ ከየት ቀን እስከ የት ቀን እንደሠራህ ዘርዝረው ይጻፉልህ።